አማካዩ ቁጥር የሸፈነው ልዩነት

የአንድ አገር ሕዝብ ስንት እንደሆነ ማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ሕዝብ በምን የዕድሜ ክልል እንደሚገኝ፣ ከመካከሉ ስንቱ ትዳር እንደያዘ፣ ስንቱ ሳያገባ እንደቆየ፣ ስንቱ እንደተፋታና ስንቱ የትዳር ጓደኛው እንደሞተበት የሚለው ነው። ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ ላይ ላዩን ሲታዩ የየግል ገመና ይመስላሉ። በመሠረቱ ግን የአንድ ኅብረተሰብ የኢኮኖሚ መሠረት ጥርት ብሎ የሚታይባቸው መስኮች ናቸው። መሬቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ቤት ለማን እንደሚደርስ፣ ትምህርት ቤቱ እስከ የት እንደዘለቀ፣ የማን ጉልበት በምን ዋጋ እንደሚገዛ የሚናገሩ ሰነዶች ሁሉ ቢጠፉ፣ ከዕድሜና ከጋብቻ ሠንጠረዥ ተነሥቶ አብዛኛውን መልሶ ማንበብ ይቻላል።

በ1798 እ.ኤ.አ. የታተመው የማልተስ ድርሳን ድሃው የሚበዛው ራሱን መግታት ስለተሳነው ነው በማለት የድህነትን ጥፋት በድሃው ጫንቃ ላይ ጫነ። ማርክስ ካፒታል በተሰኘው መጽሐፉ የሰጠው መልስ ደግሞ እያንዳንዱ የአመራረት ሥርዓት የራሱ የሆነ የሕዝብ ሕግ እንዳለው የሚያመለክት ነበር። ማልተስ ዛሬ በአገራችን በስሙ አይጠራም። ነገር ግን «የእነ እገሌ አገር ሰው ልጁን መዳር ይወዳል»፣ «የዚያ ክልል ሰው መውለድ ባህሉ ነው»፣ «የከተማ ወጣት ኃላፊነት ይፈራል» በሚሉ የቡና ላይ ጨዋታዎች ውስጥ በደህና ተቀምጧል። የዚህ ሐተታ ሙግት ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው። በክልሎች መካከል የሚታየው የዕድሜና የጋብቻ ልዩነት የሕዝቦች ጠባይ ልዩነት አይደለም፤ የኑሮ መሠረታቸው ልዩነት ነው። ከዚህም በላይ፣ ልዩነቶቹ ተለያይተው የቆሙ ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን የሚወልድ የአንድ ሂደት ልዩ ልዩ ገጾች ናቸው።

አስቀድሞ ቁጥሮቹ ይናገሩ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱን ሕዝብ ከ73.7 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ሲመዘግብ፣ ከመቶው 45ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ነበሩ። በዚያው ቆጠራ በአዲስ አበባ የዚህ ዕድሜ ክልል ድርሻ ሩብ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ጋብቻ ስንመጣ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በ2003 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 16.5 ዓመት መሆኑን አሳየ። መካከለኛ ዕድሜ ሲባል ከሴቶቹ ግማሾቹ ከዚያ በፊት፣ ግማሾቹ ከዚያ በኋላ ተዳሩ ማለት ነው። ይኸው መካከለኛ ዕድሜ በአማራ ክልል 14.7፣ በአዲስ አበባ 21.4 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ዳሰሳ፣ የአገሪቱ አኃዝ ወደ 17.1 ከፍ ሲል የአዲስ አበባው 23.9 ደረሰ።

አንድ የፕላን ባለሙያ 16.5 የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ ቢነሣ ለማን ያቅዳል? በ14 ዓመቷ ለምትዳረው ልጅ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በ24 ዓመቷ ኪራይ ቤት ለማታገኘው ሠራተኛ ደግሞ ያልጠየቀችውን ያቀርባል። አማካይ ቁጥር በራሱ ሐሰት አይደለም። ሐሰት የሚሆነው ልዩነቱን ሸፍኖ ብቻውን ሲቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንለፍ። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ አገር ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ወጣቶች ጉዳይ ሳይሆን የሁለት ቤተሰቦች ውል ነበር። በርስት ሥርዓት ዘመን የመሬት መብት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚቆጠር ማን ከማን ጋር እንደተጋባ ማወቅ ማን በየትኛው መሬት ላይ እንደሚከራከር ማወቅ ማለት ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከብት አጋጥመው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ልጆቹ ሳይጠይቁና ሳይጠየቁ ውሉን ይቋጩ ነበር። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ካለፋት «ቆሞ ቀር» የሚል ስድብ ይጠብቃታል። ስድቡን የፈለሰፈው የሕዝቡ ጭካኔ አይደለም። ልጅቷን እንደ ውል ማሰሪያ የሚያይ የንብረት ሥርዓት የፈጠረው ቃል ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባቱን ሥልጣን ሰበረ፤ ይህ የማይካድ የታሪክ ድል ነው። ይሁን እንጂ መሬት የሚደለደለው በቤተሰብ ስለነበረ፣ ጎጆ የወጣ ወጣት ሚስት ይዞ ሲቀርብ ድርሻ የሚጠይቅበት መንገድ ሰፋ። ያላገባ ግን የአባቱ ቤት ጥገኛ ሆኖ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ ሥርዓቱ ቢለወጥም ቶሎ የማግባት ጥቅም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ማለት ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት የሚደርሰው መሬት የለም፤ የአባቱ ማሳ ደግሞ ለወንድሞቹ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ወንዱ ይጠብቃል። ሴቷን ግን ቤተሰቧ አላስጠበቃትም፤ ጥሪት ላለው ጎልማሳ ዳራት። በ2008ቱ ዳሰሳ የወንዶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 23.7 ዓመት ነበር። ከሴቶቹ ጋር ስናነጻጽረው ከስድስት ዓመት በላይ ልዩነት እናገኛለን። ይህ የስድስት ዓመት ልዩነት የፍቅር ምርጫ ውጤት ነው የሚል ካለ፣ ከሙሽሮቹ አንዷን ይጠይቅ።

እንዲህ የተቋጠረ ትዳር ብዙ ጊዜ ይፈታል። በ1982 ዓ.ም. በተሰበሰበ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት መረጃ ላይ የተሠራ ትንተና እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች መካከል ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የሚጎድላቸው በ30 ዓመት ውስጥ በፍች የሚያበቁ ነበሩ። በሠንጠረዡ ላይ «የተፋታ» በሚለው ዓምድ ስር የምትገኘው የሃያ ዓመት ሴት የማን ልጅ እንደሆነች አሁን ግልጽ ይመስለናል።

እዚህ ላይ የቡና ላይ ማልተሳውያንን የሚያስደነግጥ አንድ እውነት አለ። ልጆቹን ከሌላው ክልል ቀድሞ የሚድረው የአማራ ክልል በመውለድ አንደኛ አይደለም። በ2008ቱ ዳሰሳ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ግምት በአማራ 3.7፣ በትግራይ 4.7፣ በኦሮሚያ 5.4፣ በሶማሌ 7.2 ሲሆን የአገሪቱ 4.6 ነበር። ቀድሞ ማግባትና ብዙ መውለድ የግድ ተያይዘው ይሄዳሉ የሚለው ድምዳሜ በዚህ ይፈርሳል። በአማራ ክልል ካገቡት ሴቶች ግማሽ ለመሆን ጥቂት የጎደላቸው ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በሶማሌ ክልል ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ የሆነ ወጣት ሴቶች፣ በደጋው መንደር ቤት ለቤት ሲያዳርሱ፣ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ በሚንቀሳቀሰው አርብቶ አደር ዘንድ ግን ቤቱን ተከትሎ የሚሄድ አገልግሎት አልተደራጀም ነበር። በደጋው ማሳ መጥበቡም ለአርሶ አደሩ ከሰባኪ ሁሉ የበለጠ ትምህርት ሰጥቶታል።

የአርብቶ አደሩ ምድር የራሱ ሕግ አለው። መንጋው የሚያድገው በሰው ጉልበት ነው፤ ግመሉን አንዱ፣ ፍየሉን ሌላው፣ ጥጃውን ሕፃኑ ይጠብቃል። በእንዲህ ያለ ኢኮኖሚ ልጅ ቶሎ አምራች ይሆናል፤ ሁለተኛ ሚስትም ሁለተኛ የከብት ጣቢያ ማለት ልትሆን ትችላለች። በ2008ቱ ዳሰሳ በአገሪቱ ካገቡት ሴቶች ከመቶ 11ዱ ባሎቻቸው ሌላ ሚስት ያላቸው ሲሆኑ፣ ይህ ዓይነቱ ጋብቻ በሶማሌ ክልል እጅግ ከፍ ብሎ በአማራና በትግራይ እምብዛም አይገኝም። ለመሆኑ ለአንዱ ወንድ ሁለት ሚስት ከየት ትመጣለች? መልሱ ያለው በዕድሜው ስብጥር ውስጥ ነው። ልጆች በሚበዙበት ሕዝብ ዘንድ በየዓመቱ የሚወለደው ካለፈው ዓመት ይበልጣል። ወንዱ ከእርሱ በስምንትና በዐሥር ዓመት የምታንሰውን ካገባ፣ እርሷ የምትገኝበት ትውልድ ከእርሱ ትውልድ በቁጥር የሰፋ ነው። ትርፍ ሚስቶቹ የሚገኙት ከዚህ ልዩነት እንጂ ወንድ በጦርነት ስላለቀ ብቻ አይደለም። የሕዝቡ የዕድሜ ስብጥር ለጋብቻው ዓይነት መሬት ያነጥፍለታል፤ ጋብቻው ደግሞ ብዙ በማስወለድ ስብጥሩን እንዳለ ያቆየዋል።

ጋብቻን የሚያፋጥን ሥርዓት እንዳለ ሁሉ የሚያዘገይም ነበር። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ የገዳ እርከኖች ወንዱ መቼ ሚስት እንደሚያገባና መቼ ልጅ እንደሚያሳድግ ይደነግጉ እንደነበር አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በስፋት አቅርበውታል። ሁለቱም ከብት አርቢ ሕዝቦች ናቸው፤ ደንባቸው ግን የተለያየ ነው።

ስለ ሶማሌና ስለ አፋር ሲነገር አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ሁለቱ ክልሎች ከሌሎቹ ተለይተው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተቆጥረው ነበር። በሶማሌ 2,472,490 ወንዶችና 1,972,729 ሴቶች ተመዘገቡ፤ በአፋር 775,117 ወንዶችና 615,156 ሴቶች። በሶማሌ ክልል ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴት ጎድላለች ማለት ነው! ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ጉድለት አትሠራም። ቆጣሪው ሲመጣ ሴት ልጁን ለመቁጠር ያልበቃች አድርጎ የሚተው አባወራ፣ ወይም ከከብቱ ጋር ርቃ የሄደችውን የማያስመዘግብ ጎረቤት መኖሩን ግን መገመት ይቻላል። በዕድሜ በኩልም እንዲሁ ነው። ልደቱ ያልተመዘገበ ሕዝብ ዕድሜውን በጣሊያን ወረራ፣ በአብዮቱ፣ በ77ቱ ድርቅ ስለሚቆጥር በየሠንጠረዡ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች እንደ ጉብታ ከፍ ብለው ይታያሉ፤ ሠላሳ አንድና አርባ ሦስት ዓመት የሞላቸው ደግሞ የሉም ለማለት ይቃጣል።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ፤ ምክንያቱም የገጠሩ ታሪክ የሚፈጸመው እዚህ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ 1,305,387 ወንዶችና 1,434,164 ሴቶች ነበሯት። ከ128 ሺህ በላይ የሚሆነው የሴቶች ብልጫ በከተማዋ አልተወለደም፤ ከአራቱ ማዕዘን በአውቶቡስ የመጣ ነው። ይህ ብልጫ ጎልቶ የሚታየው በወጣትነት ዕድሜ ላይ ሲሆን ከጀርባው የቆመችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። በከተማዋ ድሃ ሠፈሮች ከገጠር በመጡ ልጃገረዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከመካከላቸው ጥቂት ያልሆኑት ከአገራቸው የወጡት ያለ ዕድሜያቸው ሊዳሩ ሲሉ አምልጠው ነው። ሌሎቹ ደግሞ ተድረው የፈቱ ናቸው።

ሁለቱን ቁጥሮች እንግዲህ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። 14.7 እና 21.4። ብዙዎቻችን እነዚህን የምናነባቸው እንደ ሁለት ዓለም፣ አንዱን ኋላ ቀር፣ ሌላውን ሥልጡን አድርገን ነው። ነገር ግን ከጎጃም ወይም ከወሎ በ14 ዓመቷ ከጋብቻ ያመለጠችው ልጅና አዲስ አበባ በ24 ዓመቷ ያላገባች ተብላ የምትመዘገበው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አንዲት ሰው ናት። የከተማው የዘገየ ጋብቻ ከፊሉ የገጠሩ የፈጠነ ጋብቻ ውጤት ነው። በእርሷ ጉልበት የቤት ሥራው የቀለለለት የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብ ሴት ልጁን እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ያቺ ልጅም ዘግይታ ታገባለች። እንጀራ የምትጋግረው ግን የምታገባው ዘግይታ እንደሆነ እንኳ የሚጠይቃት የለም። መንገዱ ከአዲስ አበባም ያልፋል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው በሰው ቤት ሲሠሩ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብዙ ነበሩ።

ወዝ አደሩ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነጥብ እዚህ ላይ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ከእርሱ በፊት እንደነበረው አዋጅ ሁሉ፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከክልሉ ውጭ አድርጎ የሥራው ሁኔታ በደንብ እንዲወሰን ትቶታል። የዕለት ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የሥራ ሰዓት ብለን የታገልንባቸው መብቶች በእኛው ጓዳ ለምትሠራው አልደረሱም። ማታ ከፋብሪካ ስንመለስ አሠሪዎች መሆናችንን እንዘነጋለን።

የከተማው ተወላጅ ወጣትስ ለምን ያዘገያል? በ1995 ዓ.ም. የታተመ የሥነ ሕዝብ ጥናት የአዲስ አበባ ወሊድ ወላጆችን ለመተካት ከሚያስፈልገው በታች የወረደው በዋነኛነት ያገቡ ሰዎች ድርሻ በመቀነሱ፣ ቀጥሎም በወሊድ መከላከያ አማካይነት መሆኑን አረጋግጧል። በ2008ቱ ዳሰሳ አኃዙ 1.8 ነበር። ይህ ዕድገት ነው ብለው የሚያጨበጭቡ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው፤ ትምህርት ሴቶችን ነጻ አውጥቷል። የቀረው ግን ምርጫ ሳይሆን እጦት ነው። ለኮንዶሚኒየም ቤት በ1997ና በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበው ሕዝብ ብዛት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሃያ አምስት ዓመቱ ተመዝግቦ፣ «ቤት ሲደርሰኝ» እያለ ሠርጉን ሲያሸጋግር አርባን የተሻገረ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ እናውቃለን። ለገጠሩ ወጣት መሬት የሆነው ነገር ለከተማው ወጣት ቤት ነው።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የጀርመንን ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። አንድ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሕዝብ ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በሁለት ሥርዓት ኖረ። የምሥራቁ መንግሥት ከ1972 ጀምሮ ለወጣት ተጋቢዎች 5,000 ማርክ ያለ ወለድ ያበድር ነበር፤ ልጅ ሲወለድ ከብድሩ እየተቀነሰ፣ ሦስተኛው ሲወለድ ዕዳው በሙሉ ይሰረዝ ነበር። ቤት የሚገኘውም ባገቡት ፊት ለፊት በተከፈተ በር ነበር። በዚህም የተነሣ የምሥራቁ ወጣት ከምዕራቡ ቀድሞ ያገባና ይወልድ ነበር። ከ1990 በኋላ ፋብሪካው ሲዘጋ ወሊዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 0.77 አሽቆለቆለ፤ ወጣት ሴቶች ወደ ምዕራብ ፈለሱ፣ የምሥራቁ መንደሮች ሽማግሌ ሆኑ። ሕዝቡ በአራት ዓመት ውስጥ ጠባዩን ለወጠ ሊባል ነውን?

ሕጉ በበኩሉ ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴቷ የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንዱ 18 ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ የሴቷ ከፍ እንዲል ጠየቀ፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት የሚያስቀጣ አደረገ። ሆኖም በ2008ቱ ዳሰሳ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከነበሩት ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ ከ18 ዓመት በፊት፣ 14ቱ ደግሞ ከ15 ዓመት በፊት የተዳሩ ነበሩ። የቆጠራው መጠይቅ ራሱ የጋብቻ ሁኔታን የሚጠይቀው ከዐሥር ዓመት ጀምሮ መሆኑ ምን ያህል እንደሚናገር አንባቢ ይፍረደው። ሕግ ዕድሜን መደንገግ ይችላል፤ ዕድሜዋን የሚመሰክር ወረቀት በሌላት ልጅ ላይ ግን አባት «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ካለ ዳኛው ምን ይዞ ይከራከራል?

ሕገ መንግሥቱ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ የሚያዘው ቆጠራ ከ1999 ወዲህ አልተካሄደም፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንደገና አራዝሞታል። ከዚያ ወዲህ ጦርነት አልፏል፤ ሚሊዮኖች ተፈናቅለዋል፤ የቀድሞው የደቡብ ክልል ራሱ በአራት ክልሎች ተተክቷል። የየትኛው አካባቢ ወጣት እንደሳሳ፣ የየትኛው መንደር ሴቶች ባል እንደሞተባቸው በትክክል የሚያሳይ አገር አቀፍ ሠንጠረዥ በእጃችን የለም። ለክልሎች የሚከፋፈለው የድጎማ በጀት ከሚመዘንባቸው ዋነኛ መስፈርቶች አንዱ የሕዝብ ብዛት ነው። ራስ ብቻ ተቆጥሮ ዕድሜ ካልታየ ደግሞ፣ ግማሽ ያህሉ ሕፃን የሆነ ወረዳና ግማሽ ያህሉ ሥራ ፈላጊ የሆነ ክፍለ ከተማ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል።

ቆጠራው እስኪመጣ ግን ሌላ መዝገብ ተከፍቷል። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍችና ሞት በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይመዘገባሉ፤ ልደት በ90 ቀን፣ ሌሎቹ በ30 ቀን ውስጥ። እድር የሟችን ስም በዕለቱ ያውቃል፤ የሠፈር ማኅበርም ማን እንደወለደችና ማን እንደተዳረች ከጽሕፈት ቤቱ ቀድሞ ይሰማል። በጋብቻ መዝገቡ ላይ የሙሽራው፣ የሙሽራዪቱና የምስክሮቹ ስም ይሰፍራል። ምስክር ሆነው የሚፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሙሽራዪቱ በየትኛው ዓመት እንደተወለደች የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው።